ምን አገኙ?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካምፓላ በኪራ መንገድ ላይ ባለው የኡጋንዳ ሙዚየም ውስጥ ከአንድ አዛውንት ጎረቤቴ ጋር ቆሜ ነበር። ሰውየው የሴምባቡሌ ተወላጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ከብት ያገዱት በንቱሲ፣ ወንዴና ሴቴ ተብለው በሚጠሩት ሁለት ጉብታዎች አጠገብ ነው። በመስታወት ውስጥ የተደረደረውን ገል ለረጅም ጊዜ ተመልክተው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው፣ «በወጣትነቴ ሰዎች መጥተው ጉብታውን ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ቆፈሩ፣ ለቀሙ፣ በከረጢት ከተቱ፣ ሄዱ። ለመሆኑ ምን አገኙ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አለ። ከጉብታዎቹ የወጣው አጥንት በአብዛኛው የከብት እንደሆነ፣ ሰፈሩም ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ገደማ በከብት ርቢና በእርሻ የሚኖር ሕዝብ መንደር እንደነበረ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ፣ ለባለሙያዎች በሚታተሙ መጽሔቶች ላይ ነው። የጉብታው ልጅ መልሱን ለማግኘት ሽበት እስኪያወጡ ቆይተው፣ ሙዚየም ድረስ መጥተው፣ አንድ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ መጠየቅ ነበረባቸው።

ያን ዕለት ወደ ካንሳንጋ ስመለስ ጥያቄያቸው አብሮኝ መጣ። የእኛም አገር ጥያቄ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር አጭር ነው፦ የጥንት ሰፈርን ቆፍሮ ውጤቱን አለማሳተም ጥፋት ነው፤ ውጤቱን የመሬቱ ባለቤት በማያነበው ቋንቋ ብቻ ማሳተም ደግሞ የዚያው ጥፋት ግማሽ ነው። ይህን ስል የሚቆጡ ምሁራን እንዳሉ ዐውቃለሁ። ይቆጡ፤ ከተቆጡ በኋላ ግን ይመልሱልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ጉብታ። የሰፈር ጉብታ ተፈጥሮ ያቆመችው ኮረብታ አይደለም። ሰው ቤት ይሠራል፤ ቤቱ ይፈርሳል ወይም ይቃጠላል፤ ልጁ በፍርስራሹ ላይ ሌላ ቤት ያቆማል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። አመዱ፣ ገሉ፣ የተጣለው አጥንት፣ የወደቀው ካብ እየተደራረበ በመቶና በሺህ ዓመት ውስጥ መሬቱ ከፍ ይላል። ቆፋሪው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ከዛሬ ወደ ጥንት ይሄዳል። ነገር ግን የላይኛውን ንብርብር ሳያነሣ የታችኛውን አያይም፤ ያነሣውንም እንደነበረ አድርጎ ሊመልሰው ከቶ አይችልም። እያነበበ የሚፍቅ የብራና ጸሐፊ ማለት ነው። የተፋቀው ብራና ላይ የነበረው ቃል የሚኖረው አንባቢው በማስታወሻው ላይ ካሰፈረው ብቻ ነው። ስለዚህ የቁፋሮ ዘገባ የቁፋሮው ማስታወቂያ ወይም ጌጥ አይደለም። ቁፋሮው ካለቀ በኋላ የጉብታው ምትክ እርሱ ነው። የጉብታውን ምትክ የያዘ ሰው ጉብታውን ይዟል።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ ጉብታ እንሂድ። በትግራይ፣ ከየሓ ሰባት ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ወደ 25 ሜትር ከፍታ ያለውና 14 ሄክታር ያህል የሚሸፍን የሰፈር ጉብታ አለ። የአካባቢው ሰው ስፍራው ተራ ስፍራ አለመሆኑን ከአባቶቹ ሲሰማ ኖሯል። በ2009 አጥኚዎች ወደዚያ የደረሱትም በነዋሪው ጥቆማ ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሃሮወር የሚመራው ቡድን ከ2011 እስከ 2016 ቆፈረው፤ ውጤቱም በታኅሣሥ 2019 አንቲኩዊቲ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ታተመ። የስፍራው ስም በትግርኛ ቤተ ሰማዕቲ ነው። አማርኛ የለመደ ጆሮ ይህን ሲሰማ ሰማዕታትን ያስባል፤ ትርጉሙ ግን «የአድማጮች ቤት»፣ ጉባኤ የሚሰማበት ቤት እንደ ማለት ነው።

የተገኘው ነገር ያስደንቃል። ሰፈሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው ወይም ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ድረስ ሰው ኖሮበታል። ይህም ማለት የየሓን ዘመንና የአክሱምን ዘመን በአንድ አፈር ላይ አያይዞ የሚያሳይ ምስክር ነው። ርዝመቱ 18፣ ወርዱ 12 ሜትር ያህል የሆነ፣ ከ4ኛው መቶ ዓመት የሚጀምር ባሲሊካ ተገኝቷል። ከቀይ ባሕር ማዶ ከአቃባ የመጣ የአምፎራ ስባሪ፣ በወርቅ የተለበጠና በቀይ የካርኔሊያን ድንጋይ ላይ የበሬ ራስ የተቀረጸበት ቀለበት፣ የከብት ምስሎች፣ እንዲሁም መስቀልና የግዕዝ ፊደል ያለበት ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ የአንገት ጌጥ ወጥቷል። በጌጡ ላይ ያለው ቃል «የተከበረ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያንን ፊደል ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከአፈር በታች ቆይቶ ቢወጣም የመንደሩ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሊለየው ይችላል። ቄሱ ያነብበዋል። ዲያቆኑ ይከራከርበታል። የፊደሉ ትርጓሜ፣ የተገኘበት ንብርብር፣ የዘመኑ ስሌት ግን የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። ፊደሉን የሚያውቀው ሰው ዘገባውን አያነብም፤ ዘገባውን የሚያነበው አብዛኛው ሰው ፊደሉን አያውቅም። እኔ ሃያ ዓመት ያህል በሁለት ቋንቋ መካከል ስመላለስ ኖሬያለሁ፤ ከዚህ የባሰ የተገለበጠ ነገር ግን አላጋጠመኝም።

ለእነዚህ አጥኚዎች የሚገባቸውን ክብር አልነፍግም። ቁፋሮው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ ካበቃ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ ማሳተምም በዚህ ሙያ ፈጣን ነው። ከቀደሙት ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ፍጥነቱ ይበልጥ ይታያል። የጀርመኑ የአክሱም ጓድ በኤኖ ሊትማን መሪነት አክሱምን ያጠናው በ1906 ነበር፤ ዘገባው በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ በጀርመንኛ ታተመ። የዚያ ሥራ በሥዕል የተደገፈ የእንግሊዝኛ አጭር ቅጂ በዴቪድ ፊሊፕሰን አዘጋጅነት የወጣው በ1997 ነው፤ ማለትም ከ84 ዓመት በኋላ። ጽሕፈት ቤቱ ናይሮቢ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የብሪታንያ ተቋም ባልደረባ ኔቪል ቺቲክ ከ1972 እስከ 1974 አክሱምን ቆፈረ፤ አብዮቱ ሥራውን አቋረጠው፤ ቺቲክም ዘገባውን ሳያይ በ1984 ሞተ። ስቱዋርት ሙንሮ ሄይ ማስታወሻዎቹን ሰብስቦ ያሳተመው በ1989 ነበር።

በበረሃው ጠረፍ ያለችው አዱሊስም እንዲሁ ናት። በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በዙላ ሲሰፍር ፍርስራሹን ቆፍሮ የእብነ በረድ ስብርባሪ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ወሰደ። በ1907 ፓሪቤኒ ቆፍሮ በጣልያንኛ ጻፈ፤ በ1961 እና በ1962 አንፍሬ ቆፍሮ በፈረንሳይኛ ጻፈ። አንዲት ጉብታን ለማወቅ የሚሻ የዙላ ልጅ የሦስት መንግሥታትን ቋንቋ መማር አለበት።

ሕዝባችን ስለ ተወሰደበት ዕቃ ሲጮኽ ኖሯል፤ ጩኸቱም ፍሬ አፍርቷል። ከ150 ቶን በላይ የሚመዝነው የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 በስፍራው ቆመ። መልካም ነው። ነገር ግን ድንጋይን ያህል ነገር አስመልሶ ስለ ድንጋዩ የተጻፈውን አለመጠየቅ ምን ማለት ነው? ዕውቀትም የሚወሰድ ነገር ነው፤ ዕውቀትም የሚመለስ ነገር ነው። በ1974 በአፋር በረሃ በሐዳር የተገኘችውን ሉሲን «ድንቅነሽ» ብለን በኩራት ሰየምናት። ስሟን ተረጎምን፤ በስሟም ረካን።

ከራሴ ልምድ አንድ ነገር ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የጥናት ቡድን የቁፋሮ ዘገባ «ለማኅበረሰቡ» ወደ አማርኛ እንድመልስ ጠየቀኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልሁ። የደረሰኝ ጽሑፍ ግን ከብዙ መቶ ገጽ ዘገባ የተጨመቀ ሁለት ገጽ ነበር። ከሁለቱ ገጽ አንዱ ለገንዘብ ሰጪዎቹ የተጻፈ ምስጋና ነው። ስለ ግድግዳዎቹ ውፍረት፣ ስለ ጉድጓዶቹ ጥልቀት፣ ስለ ዘመኑ ስሌት ምንም የለም። ለምን እንደተተወ ስጠይቅ «ያ ክፍል ለአካባቢው ሰው አይጠቅምም» የሚል መልስ መጣልኝ። ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው? የአካባቢው ሰው አይደለምን? በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ፣ ፀሐይ እየመታው፣ በእያንዳንዱ ንብርብር የአፈሩን ለውጥ በእጁ ዳስሶ ያወቀው እርሱ ነው። ለእርሱ ሲሆን ልኬቱ አይጠቅምም ተባለ! ሁለቱን ገጽ ተርጉሜ ሰጠሁ፤ ሲታተም ግን አላየሁም።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልቀበል።

አንደኛው፣ «የሳይንስ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው» የሚለው ነው። ይሁን። በእንግሊዝኛ መጻፉን የሚከለክል የለም፤ የዓለም ሊቃውንት ሊመረምሩትና ሊተቹት ይገባል። ጥያቄው «በእንግሊዝኛስ ብቻ ለምን?» የሚል ነው። ቁፋሮ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ የሚከለክለው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ራሱ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የታተመ ነው። መንግሥት ስለ ቅርስ ሕግ ሲያወጣ በሁለት ዓምድ ያትማል፤ ስለ ቅርሱ የተገኘው እውነት ግን ለምን በአንድ ዓምድ ብቻ ይቅር?

ሁለተኛው፣ «አማርኛ ለዚህ ሙያ ቃል የለውም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ማድ ቤት ገብተው የማያውቁ ናቸው። እንግሊዝኛው «ትልቅ የማከማቻ ዕቃ» ብሎ የሚያልፈውን እኛ ጋን፣ እንስራ፣ ገንቦ፣ ማሰሮ ብለን በአፉ ስፋት፣ በአንገቱ ቁመት፣ በሚይዘው ነገር እንለየዋለን። አፈሩን ገበሬው ዋልካ፣ መረሬ፣ ቦረቦር ብሎ ይከፍለዋል። ካብ፣ ምሰሶ፣ ወጋግራ፣ ምድጃ፣ ገል፣ ንብርብር፤ ይህ ሁሉ የቁፋሮ ቃል ነው። የሚጎድለን ካለ «ካርቦን» እንደምንል እንዋሳለን፤ ያልተዋሰ ቋንቋ የለምና። ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የኑብያን፣ የአክሱምንና የዛጉዬን ታሪክ በአማርኛ ሲጽፉ ቋንቋው አላነሳቸውም። ሰነፍ ተርጓሚ ነው ቋንቋን ድኻ ብሎ የሚሰድበው።

ሦስተኛው፣ «ገበሬው አያነብም» ነው። አንድ የሚያነብ ልጅ ባለበት ቤት ሁሉም ሰሚ ነው። በአገራችን ደብዳቤ እንዲህ ሲነበብ ኖሯል፤ ገድልና ድርሳንም እንዲሁ። የአድማጮች ቤት በተባለ መንደር አድማጭ የለም ብሎ መከራከር ያሳፍራል።

አራተኛው ተቃውሞ እኔኑ የሚነካ ነው፤ ስለዚህ አላልፈውም። «የቤተ ሰማዕቲ ሰው የሚናገረው ትግርኛ ነው፤ ለእርሱ አማርኛ ከእንግሊዝኛ በምን ይሻላል?» እውነት ነው። የአማርኛ ተርጓሚ ስለሆንሁ ብቻ እንጀራዬን ከሕዝብ መብት ጋር ላምታታ አልሻም። በቤተ ሰማዕቲ መጀመሪያ ትግርኛ ይቅደም፤ በሐዳር አፋርኛ ይቅደም፤ በንቱሲም የንቱሲ ሰዎች ቋንቋ። አማርኛም በየክልሉ ያለ አንባቢ ስለሚያነብበው ይከተል። መርሑ አንድ ነው፤ የጉብታው ነዋሪ ስለ ጉብታው የተጻፈውን ያንብብ።

አምስተኛው ገንዘብ ነው። አንድ የካርቦን ናሙና ማስመርመር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል፤ አንድ ቁፋሮም ብዙ ናሙና ይልካል። በሙያዬ እንደምገምተው፣ የዋናውን ዘገባ ፍሬ ነገር በሙሉ ልኬቱና ሥዕሉ ለመተርጎም የሚወጣው ገንዘብ ከጥቂት ናሙናዎች ዋጋ ብዙ አይርቅም። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን፣ በበጀቱ ሠንጠረዥ ላይ «ትርጉም» የሚል አንድ መስመር ነው።

«ቢታተምስ ምን ይለውጣል?» ለሚል ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያው ጥበቃ ነው። ሰው የሚጠብቀው የሚያውቀውን ነው። ካቡ የባሲሊካ ግድግዳ መሆኑን ያላወቀ ገበሬ ድንጋዩን ለበረቱ ቢወስድ አይፈረድበትም። ሁለተኛው እውነት ነው። በቤተ ሰማዕቲ የተገኙት የከብት ምስሎችና የበሬ ራስ ያለበት ቀለበት ክርስትናና የቀደመው እምነት ጎን ለጎን መቆየታቸውን ያመለክቱ እንደሆነ ሊቃውንት ይመረምራሉ። በበሬ የሚያርስ፣ በበሬ የሚምል፣ በሬውን በስም የሚጠራ ሕዝብ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚለው ነገር የለምን? ዘገባውን ካላነበበ ግን ለምስክርነት እንኳ አይጠራም።

የቅርቡም ታሪካችን አንድ መራራ ነገር አስተምሮናል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ በነበረው ጦርነት መንገድ ተዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። ስለ ጉብታቸው የተጻፈው ሁሉ በሩቅ አገር ኮምፒዩተርና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲቀመጥ፣ በመንደሩ የቀረው የተከፈተው ጉድጓድ ነው። በወረቀት የታተመ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤትና በአስር ገበሬ ቤት የተበተነ መጽሐፍ ጦርነትን አያስቆምም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይጠፋል ማለት ግን ያስቸግራል። አባቶቻችን ብራናን ከገዳም ወደ ገዳም እየገለበጡ ያቆዩት ይህን ዐውቀው ነው።

የምኖርበት አገር በዚህ ረገድ የሚያስቀና ምሳሌ አለው። አፖሎ ካግዋ የቡጋንዳን ነገሥታት ታሪክ በሉጋንዳ ጽፎ በ1901 አሳተመ። ጆን ኛካቱራም የቡኞሮ ኪታራን ነገሥታት ታሪክ በሩኞሮ ጽፎ በ1947 አወጣ። ሁለቱም መጻሕፍት ስሕተትና አድልዎ አለባቸው ይባላል፤ ይባል። መባል የቻለው የአገሩ ሰው በራሱ ቋንቋ አንብቦ ስለተከራከረባቸው ነው። በአንጻሩ በካቶንጋ ወንዝ ዳር ያለውን፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ የተቆፈረበትን ቢጎ ብያ ሙጌኚን መሪክ ፖዝናንስኪ በ1960 ቆፍሮ ዘገባውን በ1969 በእንግሊዝኛ አሳተመ። የስፍራው ስም «የእንግዳው ምሽግ» እንደ ማለት ነው። ዘገባው እስካሁን ለእንግዳው ይናገራል፤ ለባለቤቱ ገና ነው።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ዋናው ዘገባ በታተመ በሁለት ዓመት ውስጥ የአካባቢው ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋና በአማርኛ፣ ከልኬቱና ከሥዕሉ ጋር፣ በወረቀት ታትሞ እንዲሰራጭ በፈቃዱ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ይህን ያልፈጸመ ቡድን ለሁለተኛ ጉብታ ፈቃድ አያግኝ። ተርጓሚው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚጠራ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ከመጀመሪያው ቀን ከጉድጓዱ ዳር ይቀመጥ፤ የሸክላውን ስም ከሸክላ ሠሪዋ፣ የአፈሩን ስም ከገበሬው ይጻፍ። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው በገዛ ቋንቋቸው የቁፋሮ ዘገባ መጻፍ እንዲችሉ ያሠልጥኑ። በስደት ያለን ሁለት ቋንቋ አዋቂዎችም ከዚህ ሥራ ነፃ አይደለንም። በካባላጋላ ምግብ ቤቶች ተቀምጠን የተዘረፈ ቅርሳችንን ስንቆጥር እናመሻለን፤ በዚያው ምሽት አንድ ገጽ ልንመልስ እንችል ነበር። እኔም እዚያው ተቀምጬ ስቆጥር የኖርሁ ነኝ።

ለጎረቤቴ ስለ ንቱሲ የተጻፈውን ሁለት ምሽት ሙሉ፣ በምችለው ቋንቋ እያነበብሁ ነገርኋቸው። አጥንቱ የከብት መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ፤ «ይህንንማ እኔም እነግራቸው ነበር» አሉ። ቀጥሎም አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ከብቶቹ የታረዱት በስንት ዓመታቸው ነው? ጥጃ ናቸው ወይስ ያረጁ? ይህ አጥኚዎቹም ብዙ የደከሙበት ጥያቄ ነው። መልሱን የምንነግራቸው እኛ፣ ጥያቄውን ግን ከእኛ በፊት የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።